ለዘነቡ የቀዳሁት የገና ካሴት

ዛሬ ጠዋት የእህቴ የዘነቡ ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ ስልኳ ላይ የገና መዝሙሮች ስትደረድር፣ «አክስቴ፣ ከዚህኛው ቀጥሎ የትኛው ይሂድ? ሳይቋረጥ ተያይዞ እንዲወርድ ነው የምፈልገው» ብትለኝ፣ «ተይው፣ ትንሽ ክፍተት ይኑረው!» ብዬ ጮኽኩባት። ልጅቷ ምን ታድርግ፣ እኔ በዚህ ሙያ የተመሰገንኩበትን ቀን አታውቅም።

ያኔ መካነ ሰላም ነን፤ እኔ ሰባተኛ ክፍል፣ ዘነቡ ቤሩት ሰው ቤት ተቀጥራ። በመካከላችን የምትመላለሰው አንዲት ካሴት ነበረች፤ ለገና በአንድ ፊቷ መዝሙርና ሰላምታችንን ሞልተን ለተጓዥ እንሰጣለን፣ ዘነቡ በጀርባዋ ድምጿን ቀድታ ትመልስልናለች፣ በዓመቱ ደግሞ ያንኑ የኛን ፊት በላዩ ላይ መልሰን እንቀዳበታለን። የምንቀዳው ከጅዳ የተመለሱት ጎረቤታችን ጋሽ ኑሩ ቤት፣ ባለ ሁለት ካሴት ቴፓቸው ላይ ነው፤ «ከመንዙማ ሌላ የለመደ መስሎሻል?» እያሉ ይቀልዱና ድምፅ እንዳይገባብን ዶሮዎቹን ያባርሩልናል። መዝሙር መምረጥ የኔ ሥራ ነበር፤ ቀዝቃዛውን የበገና መዝሙር ከሚደልቀው ከበሮ ጋር አላስጠጋም፣ መሀል ላይ በጭብጨባ ቀስ ብሎ የሚነሳ አስገባለሁ። በየሁለት መዝሙሩ አባባ ማይኩን ሊውጠው ምንም ሳይቀረው ይጠጋና ጉሮሮውን በሳል ጠርጎ «አብሽሪ የኔ ልጅ፣ ደህና ነን» ይላል፣ ከዚያም ስለ ገብሱና ስለ ወለደችው ላም ማብቂያ የሌለው ወሬ ይጀምራል። መዝሙሬን አበላሸብኝ ብዬ እነጫነጭ ነበር።

አንድ ኅዳር አባባ አረፈ። እማዬ፣ «ልጄ ባዕድ አገር ብቻዋን ናት፣ ማን ደግፎ ይይዛታል? መርዶዋን እዚሁ ወገኗ መሀል ትሰማለች» አለች። ካሴቷ ከቀረች ደግሞ ዘነቡ መጠርጠሯ አይቀርም። ስለዚህ እማዬ መጀመሪያው ላይ «ሁላችንም ደህና» ብላ ማይኩን ጥላ ሸሸች፤ ቀሪውን እኔ መዝሙር ከመዝሙር አያይዤ፣ የአባባ ቦታ እንዳይታወቅ አድርጌ እንድሞላው ታዘዝኩ።

አንድ መጋጠሚያ ላይ እንዴት እንደሆነ ላዳምጥ ብዬ ባስኬደው፣ ያለፈው ዓመት አባባ ከሥር ብቅ ብሎ ጉሮሮውን በሳል ጠረገ። ክው ብዬ አቆምኩት። ሊናገር ነበር እኮ! ትንሽ ብታገሠው «አብሽሪ» ይለኝ ነበር። ግን ተጓዧ በማግስቱ ልትሄድ ነው፣ እማዬም ደጅ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ ወደ ኋላ ሳልመልሰው ዓይኔን ጨፍኜ ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ ተጫንኩትና ከበሮውን በላዩ ላይ ለቀቅኩበት። ሲያልቅ ጋሽ ኑሩ «ማሻ አላህ፣ እንደ ውሃ ነው የሚወርደው» አሉ። አያድርስ ነው፣ ደስ አለኝ።

ዘነቡ በሁለተኛው ዓመት መጣች። በማግስቱ ማለዳ የሚያረዷት ሽማግሌዎች ተመርጠው፣ እኛ ደግሞ እንዳታውቅብን ጥቁራችንን አውልቀን መናኸሪያ ስንጠብቃት፣ እሷ ጥቁር ለብሳ ከአውቶቡሱ ወረደች። ለካስ ካሴቷን አስቀርታ ያልመለሰችልን፣ የሰማች ዕለት አውቃ ነው፤ እኛን እንዳታስጨንቅ በስልክ «አባባን ሳሙልኝ» እያለች ሁለት ዓመት ብቻዋን አልቅሳለች። አንገቴን አቅፋ፣ «አባባ አስሎ ዝም አይልም» አለችኝ።

ፎቶው አለ፣ ጋቢውም አለ፤ ድምፁን ግን በገዛ ጣቴ አጠፋሁት፣ የተረፈን ያቺ ሳል ብቻ ናት። ዘነቡ ዛሬም ለገና ካሴቷን ትከፍታታለች። መዝሙሩ ያልቃል፣ አባባ ያስላል፣ ሁለታችንም ይናገር ይሆን ብለን ትንፋሻችንን እንይዛለን፤ ከዚያ ከበሮው ይመጣል።