ከበር ጀርባ ዕዳዬን የማረኝ ድምፅ

ጌታ ይባረክ ወገኖቼ! አሜን በሉኝ እንጂ፤ ከመርሳ ድረስ በሚኒባስ ተጨናንቄ የመጣሁት ዝም እንድትሉኝ አይደለም። ዛሬ ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ነው የቆምኩት። ሽማግሌዎቹ «እባክሽ አሳጥሪ» ብለውኛል፤ ምላሴን ያውቁታላ! እሞክራለሁ። ግን ይህን ነገር ባወራሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

ዘነበች እባላለሁ። ባሌ ከሞተ በኋላ ልጆቼን የማሳድገው መርሳ ላይ በነበረችኝ ወፍጮ ቤት ነበር። ወፍጮውን የወሰድኩት እዚሁ ወልድያ፣ ጋሽ መንገሻ ከሚባሉ ነጋዴ በዱቤ ነው። ሞተሩ ተቃጠለ። አስጠገንኩት፣ ደግሞ ተቃጠለ። መክፈል አቃተኝ፣ ከሰሱኝ፣ ተፈረደብኝ። ፍርዱንም መክፈል ሲያቅተኝ ጉዳዩ አፈጻጸም ገባ። አፈጻጸም ምን እንደሆነ የማታውቁ ጌታ አያሳውቃችሁ! መጥተው ቤትሽን ይለካሉ፣ ይገምታሉ፣ በሐራጅ ይሸጣሉ። «ፍርዱ ተፈጸመ» ከተባለ አንቺ ከነልጆችሽ ሜዳ ላይ ነሽ። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

ያን ጊዜ ጌታን አላውቀውም። ስሙን የምጠራው ስምል ብቻ ነበር፤ እሱም ብዙውን ጊዜ በውሸት።

የሐራጁ ቀን ተቆርጦ ሳለ ጦርነቱ ደረሰ። መንገድ ተዘጋ፤ ስልክም፣ መብራትም፣ ባንክም ጠፋ። ጎረቤቶቼ «ዘነቡ፣ አንቺማ ታድለሽ! ዳኛውም ከሳሹም ሸሹልሽ» እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔ ግን ሰው ከመሸሹ በፊት ቤቴ ተሸጦ ይሁን፣ አይሁን አላውቅም። በገዛ ቤቴ ውስጥ እንደ እንግዳ ተቀመጥኩ።

ወገኖቼ፣ የዚያን ሰሞን ዝምታ ታስታውሱታላችሁ። ውሻ እንኳ አይጮህም። ከሩቅ ከባድ መሣሪያ ሲተኮስ የወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጥና የሞተው ወፍጮ የተነሳ ይመስለኛል። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ቺንጋው፣ ያ ድንጋዩን የሚያዞረው የሞተሩ ቀበቶ፣ ሲዞር ሰማሁ። መብራት የለም እኮ! ሮጬ ገባሁ፤ ቆሟል። እጄን ባሳርፍበት ግን ለብ ብሏል። የፀሐይ ሙቀት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁና በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ለብቻዬ ገብቼበት አላውቅም።

እንዲህ ሆኜ መኖር አልቻልኩም። ላሜን ግራና ገበያ ወስጄ ሸጥኩ፤ ቀለበቴንም ጨመርኩበት። ሁሉም ተደማምሮ የፍርዱን ሲሶ ቢሞላ ነው። በልቤ ያሰብኩት እንዲህ ነበር፦ ጋሽ መንገሻም ዛሬ እንደኔው ቸግሯቸዋል፤ በእጅ ያለ ብር በአንድ ጊዜ ሲያዩ የቀረውን ይተዉልኛል። ብሩን በሻርፔ ቋጥሬ፣ ጨው ፍለጋ ከሚሄዱ ሴቶች ጋር በእግሬ ወልድያ ገባሁ።

ባጃጅ ይርመሰመስበት በነበረው መንገድ ላይ የራሴን ኮቴ እሰማ ነበር። የጋሽ መንገሻ ግቢ በር ገርበብ ብሏል። ሱቁ ተዘርፎ ባዶ ሆኗል። «ቤቶች!» አልኩ። ልመለስ ስል፣ ከመጋዘኑ ቀጥሎ ካለው ከተቆለፈው ሰማያዊ በር ጀርባ «ማነሽ?» የሚል ድምፅ መጣ።

የጋሽ መንገሻ ድምፅ ነው። ዝቅ ያለ ነው፣ ይቆራረጣል፤ ግን የሳቸው ነው።

«ዘነበች ነኝ፣ የመርሳዋ» አልኩ።

«አውቄሻለሁ።»

«ምነው ጋሽዬ፣ ተቆልፎብዎት ነው?» ምናልባት ተደብቀው ነው ብዬ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ልመናዬን ጀመርኩ። ያለኝን ነገርኳቸው፤ ይህን በአንድ ጊዜ ተቀብለው የቀረውን ይማሩኝ አልኩ።

ድምፁ «ለልጆችሽ ምን አስቀረሽ?» አለኝ።

እስቲ ልጠይቃችሁ፣ ፍርድ ይዞ እንዲህ የሚጠይቅ ባለገንዘብ ታውቃላችሁ? «ምንም» አልኩ።

«እንግዲያው ግማሹን አስቀሪ። ግማሹን ስጪኝ።»

ሰውየውን አውቃቸዋለሁ፤ ለአንድ ብሎን ሲከራከሩ የሚውሉ ናቸው! ብሩን ለሁለት ከፈልኩና ግማሹን በሻርፑ ቋጥሬ ከበሩ ሥር አስገባሁት። ሻርፑ ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ተሳበ። እጅ አላየሁም። ከዚያ ድምፁ አንዲት ቃል አለ፦

«ተፈጸመ።»

«ጨረስን» አላለኝም፤ «ተስማማን» አላለኝም። የአፈጻጸሙን ቃል ነው ያለኝ! «ምኑ ነው የተፈጸመው? ቤቴ ተሸጠ? ጋሽ መንገሻ!» ብዬ በሩን ደበደብኩ። የትንፋሽ ድምፅ እንኳ የለም። ሮጬ ወጣሁ። መርሳ እስክገባ ወደ ኋላዬ አልዞርኩም።

ጌታ ግን ይከተለኝ ነበር። ሃሌ ሉያ!

አካባቢው ነፃ ወጣ፣ ፍርድ ቤቱ ተከፈተ፣ መጥሪያ ደረሰኝ። ቤቱ አልተሸጠም ነበር፤ ሊሸጥ ነው እንጂ። ችሎት ስገባ ጋሽ መንገሻ ደህና ሆነው ተቀምጠዋል። ዳኛዋ ጠየቁኝ። «ከፍያለሁ፣ የቀረውንም ምረውኛል» አልኩ።

«ለማን ነው የከፈልሽው?»

«ለሳቸው፤ እቤታቸው፣ በጦርነቱ ጊዜ።»

ጋሽ መንገሻ ብድግ አሉ። «ክብርት ዳኛ፣ እኔ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ነበርኩ! ከተማዋ እስክትለቀቅ ወልድያን በዓይኔ አላየኋት።» ችሎቱ ሳቀ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ከሰማያዊው በር ጀርባ ሆነው አናገሩኝ እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

ጋሽ መንገሻ ፊታቸው ዓመድ መሰለ። «የትኛው ሰማያዊ በር?» አሉኝ በቀስታ። ነገርኳቸው። ቀጠሮ እንዲሰጣቸው ዳኛዋን ለመኑና፣ ከችሎት ስንወጣ እጄን ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ።

እዚያ ጎረቤታቸውን እትዬ አስናቀችን ጠሩ። ያቻትላችሁ፣ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጋሽ መንገሻ ቤተሰባቸውን ይዘው ሲሸሹ፣ ሽባ አባታቸውን በሁለተኛ ዙር ሊወስዱ አስበው ነበር የተዉአቸው። ከዚያ መንገድ ተዘግቶ መመለስ አልቻሉም። እትዬ አስናቀች ናት ሽማግሌውን ስታበላ፣ ስታጥብ፣ ሌባ እንዳይገባባቸው ያን ሰማያዊ በር በላያቸው ስትቆልፍ የቆየችው። ሽማግሌውም ከተማዋ ሳትለቀቅ አረፉ።

እትዬ አስናቀች ቤቷ ገባችና የኔን ሻርፕ ይዛ መጣች። ብሩ እንዳለ ነው። «ስገንዛቸው እጃቸው ውስጥ አገኘሁት። ከየት እንደመጣ እንዳልጠይቃቸው...» አለችና ጋሽ መንገሻን አየቻቸው።

«አባቴ አይናገርም ነበር» አሉ ጋሽ መንገሻ። «በስትሮክ ከተመታ ጀምሮ ዓመታት ሆኖታል። ሐኪሙ 'ከእንግዲህ ቃል አትጠብቁ' ብሎናል። የኔን ስም እንኳ ብሎት አያውቅም።»

ወገኖቼ፣ በሩ ክፍት ነው፣ ክፍሉ ባዶ ነው። እኔ ግን ድምፁን አሁን የምሰማው መሰለኝ።

«ምን አለሽ?» አለችኝ እትዬ አስናቀች።

«ተፈጸመ አለኝ።»

እሷ አለቀሰች። «ልጄ፣ አባባ ሳይታመሙ ጌታን ተቀብለው ነበር። ይህች ቃል ጌታ በመስቀል ላይ ሆኖ ያላት ናት። ቤትሽ ተሸጠ ማለት አይደለም! ዕዳሽ ተከፍሎ አለቀ ማለት ነው።»

«የቀረውንስ ማን ከፈለው?»

«እሱ ነዋ» አለችኝ። እዚያው ሜዳው ላይ ተንበረከክሁ። ስሙን የማልኩበትን ሁሉ እያሰብኩ ተንሰቀሰቅሁ፤ ያን ቀን ጌታን ተቀበልኩ። ክብር ለስሙ ይሁን! ክብር ለስሙ!

ቀና ስል ጋሽ መንገሻ የሰማያዊው በር ደፍ ላይ ተቀምጠዋል። ስለ ብሩ የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን «ሌላስ አባቴ ምን አለሽ?» አሉኝ። ድምፃቸው የሕፃን ነው።

ድምፁ ሌላ ያለኝ ነገር ነበር። ራሳቸውን የሚያሞግሱ መስሎኝ ለማንም ሳልናገረው የቀረ። ግማሹን አስቀሪ ሲለኝ «ጋሽ መንገሻ፣ እንዲህ ደግ መሆንዎን መቼ አወቅሁ!» ብዬው ነበር። ድምፁም እንዲህ መለሰልኝ፦ «መንገሻ ክፉ አይደለም። መንገድ ተዘግቶበት ነው።» እኔ ንግዱ ተዘጋብኝ የሚሉ ነበር የመሰለኝ።

ጋሽ መንገሻ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ፤ ሰው እንዲያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። በቀጠሮው ቀን ችሎት ቆመው «አባቴ የተስማማውን አላፈርስም» አሉ። መዝገቡ ተዘጋ። ቤቴም ልጆቼም አሉ።

ዛሬ ይኸው በፊታችሁ ቆሜ አመሰግነዋለሁ። ጋሽ መንገሻ ገና ጌታን አልተቀበሉም፤ ጸልዩላቸው። ሱቃቸው ስሄድ ግን ደንበኛ እስኪወጣ ይጠብቁና «እስቲ ዘነቡ፣ እንዴት ብሎ ነበር ያለሽ?» ይሉኛል። ሳልሰለች እነግራቸዋለሁ። ለእናንተም የምነግራችሁ ይህንኑ ነው፤ ሰው ጥሎኛል ብላችሁ የፈራችሁ፣ ሰው ጥያለሁ ብላችሁ የምታፍሩም ካላችሁ፣ ወደ ጌታ ኑ። እሱ ስለ እናንተ ክፉ አያወራም።