መሱዳ የጤና ጣቢያውን ስልክ ስትፈትን

ነገሌ ከመጣሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የአምቡላንስ ስምሪት ኃላፊ ነኝ። ሰው ‹‹ሸዋንግዛው ነገረኛ ነው›› ይለኛል፣ አልተሳሳቱም። መሱዳ የኔትወርክ ባለሙያ ሆና ስትቀጠርም አላስቀምጥ ያልኳት እኔ ነኝ። አባቷ ገበያው ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ እሷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ የጎረቤት ሬዲዮ መፈታታት ነበር የሚቀናት አሉ። ሱሪ ላይ ረጅም ቀሚሷን ደርባ ምሰሶ ስትወጣ ያየ ሁሉ ቆሞ ያወራል። እሷ ከላይ ሆና ‹‹መፍቻውን አቀብሉኝ›› ትላለች።

ሊበን ወረዳ ውስጥ የሞባይል ኔትወርክ የማይደርስበት አንድ ጤና ጣቢያ አለን። ምጥ የጠናባት እናት ስትመጣ አምቡላንስ የሚጠራው በአንድ ስልክ ነው። ስልኩ ጣራው ላይ ካለ አንቴና ጋር ተያይዟል፤ አንቴናው ደግሞ ነገሌ ቢሯችን ካለው ጌትዌይ ጋር ያገናኘዋል። ጌትዌይ የሚሉት የሁሉም መስመር መግቢያና መውጫ በር የሆነ ትንሽ ሳጥን ነው። ባለፈው በጋ ስልኩ ሁለት ቀን ሙሉ ተበላሽቶ ነገሌ ያለነው ሳናውቅ ቀረን። አንዲት እናት በከብት መኪና ተጭና መጣች፤ ልጁ መንገድ ላይ ሞቶ ተወለደ። መሱዳ ጌትዌዩ ላይ የክትትል ፕሮግራም ልትጭን የተነሣችው ከዚያ በኋላ ነው። ያ ነገር እንዳይደገም፣ ስልኩ በጠፋ በደቂቃዎች ውስጥ ማወቅ ነበረብን።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጌትዌዩ በየደቂቃው አንቴናውን ‹‹አለህ?›› ይለዋል። ሦስት ጊዜ ካልመለሰለት ወደ እኔ ሞባይል መልእክት ይልካል። በሙከራው ቀን የጤና ጣቢያው ዘበኛ ጂሎ በተቀጠረው ሰዓት የአንቴናውን ገመድ ነቀለ። ኮምፒውተሩ ላይ አረንጓዴው ምልክት ቀይ ሆነ፣ የእኔም ሞባይል ጮኸ። የቢሯችን ሥራ አስኪያጅ ደስ ብሎት ‹‹በቃ፣ ርክክቡን ፈርሚ›› አላት።

‹‹ገና ነው። እዚያው ሄጄ ልየው›› አለች።

‹‹ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት›› ብዬ አጉረመረምኩ። ሾፌሩ ታሞ ስለነበር በዚያ አቧራ የምነዳላት እኔ ነኛ። መኪናውን አስነሥቼ ይዣት ሄድኩ።

ስንደርስ አንቴናውን አልነካችውም። የስልኩን ገመድ ብቻ ነቀለችና ላፕቶፗን በአንቴናው መስመር ከፈተች፤ ጌትዌዩ የሚለውን እንጠብቅ ጀመር። አምስት ደቂቃ አለፈ፣ አሥር ደቂቃ አለፈ፣ ምልክቱ አሁንም አረንጓዴ ነው። አጠገባችን ያለው ስልክ አይሠራም፣ ጌትዌዩ ግን ሁሉም ደኅና ነው ይላል።

‹‹አዩ ጋሽ ሸዋንግዛው? አንቴናው ናጋ ብሏል›› አለችኝ። ‹‹በእኛ አገር ሰው ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚመልሰው ናጋ ነው፣ ሰላም ነው ማለት። ዘመድ ቀብሮ ቢመጣ እንኳ ናጋ ይላል። ወሬው የሚመጣው ከብቱን፣ ሣሩን፣ ቤተሰቡን እያሉ ደጋግመው ሲጠይቁት ነው። የመጀመሪያዋን ናጋ ሰምቶ የሄደ ሰው፣ አልጠየቀም።››

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ባለፈው በጋ፣ ስልኩ በተበላሸ በመጀመሪያው ቀን፣ እሑድ ነበር፣ ጂሎን ነገሌ ገበያ ላይ አግኝቼዋለሁ። ‹‹አካም ጂሎ፣ ናጋ?›› አልኩት። ‹‹ናጋ›› አለኝ። ባጃጅ ይጠብቀኝ ስለነበር ትቼው ሄድኩ። ለካ ሰውዬው ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቀ ኖሯል! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ አፌ ላይ ብቻ ነው የነበረው። ለመሱዳ ነገርኳት። ‹‹የእርስዎ ጥፋት አይደለም›› ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለችም።

‹‹ጂሎ በሩ ላይ ቆሟል። አሁን ይጠይቁታ›› አለችኝ።

ሄድኩ። ከብቱን ጠየቅሁት፣ ናጋ አለኝ። ሣሩን ጠየቅሁት፣ ዝናቡን ጠየቅሁት፣ ናጋ፣ ናጋ።

‹‹ያን እሑድስ ጂሎ? ለምን ነበር የመጣኸው?››

‹‹ስለ ስልኩ ልነግር ነበር። ቢሮ ተዘግቷል። እርስዎን አገኘሁ፤ እርስዎ ደግሞ ቸኮሉ›› አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

‹‹ያቺ እናትስ?››

‹‹የወንድሜ ሚስት ናት።››

ከዚህ በላይ መጠየቅ ፈራሁ። ግን ጠየቅሁ፤ ‹‹አሁንስ እንዴት ናት?››

‹‹ዘንድሮም አርግዛለች። ወሯ ገብቷል።››

መሱዳ ከኋላዬ ሆና ሰምታለች። ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ጌትዌዩ አንቴናውን ብቻ ሳይሆን ራሱን ስልኩን እንዲጠይቅ ማስተካከል ጀመረች። ስትጨርስ የስልኩን ገመድ መልሳ ሰክታ ነቀለችው፤ በሦስተኛው ደቂቃ ቀይ ሆነ። መለሰችው፣ አረንጓዴ ሆነ። እንደገና ነቀለች፣ ቀይ ሆነ። ሦስተኛም ሞከረች፣ አልሳተም።

‹‹አሁን ልፈርም?›› አለችኝ።

ያ ሁሉ ጉርምርምታዬ ትዝ አለኝና አፈርኩ። ጂሎን አየሁት፤ አንገቱን አስግጎ ላፕቶፑን ያያል።

‹‹አንዴ ደግመሽ ንቀዪው›› አልኳት።