የእማማ አስካለ ቀይ አበባ

ንጋት፣ ሚዛን ተፈሪ

ከጀመረ ሳምንት የሆነው የመጋቢት ዝናብ ሌሊቱንም ጥሏል። ጨው በጫነ ኤንትሬ መኪና ጋቢና ውስጥ በሹፌሩ በከማልና እማማ አስካለ በሚባሉ አሮጊት መሀል ተጣብቄ ተቀምጫለሁ። እማማ መስኮቱን ከፍተው የመንገዱን ዳር ዳር ያያሉ። ካፊያው ፊታችንን ይመታል።

«እማማ፣ ኧረ ይዝጉት!» ይላል ከማል። አይሰሙትም።

እኔ ደግሞ ያየሁትን ሳልጠይቅ ማለፍ አልችልም። «ምን ጠፍቶብዎት ነው?» አልኳቸው።

«ባለቤቴ» አሉ። ከማል ፍሬን ያዘ።

ረፋድ፣ ሸኮ

የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ እየበላን ነገሩን አጫወቱን። ባለቤታቸው የዚህ አገር ተወላጅ ነበሩና በወጋቸው መሠረት በገዛ ቡናቸው ውስጥ ተቀበሩ። እማማም በመቃብሩ ዙሪያ ቀይ የዱር አበባ ተከሉ። ከዚያ የመንደር ምሥረታ መጣ፤ ቤቱ ፈረሰ፣ የመቃብሩን አጥር ምስጥ በላው። እሳቸውን ደግሞ ሕመም ለዓመታት ሚዛን ልጃቸው ዘንድ አስቀራቸው። ነገ የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች በቡናው ሥር ያለውን ሁሉ ይመነጥራሉ።

«አበባው ካልጠቆመኝ መቃብሩን በምን አውቀዋለሁ?» አሉ።

«ታዲያ በበጋ ቢመጡ አይሻልም ነበር?» አልኩ።

«በበጋማ የለም፣ ልጄ! እንደ ሽንኩርት ያለው ሥሩ መሬት ውስጥ ተኝቷል። ዝናብ ሲነካው አበባው ብቻውን ብቅ ይላል። ቅጠሉ ኋላ ነው የሚከተለው። ፍሬው በክረምት ይቀላል፣ ከዚያ ሁሉም ድርግም ነው።»

ለካ አበባውና ቅጠሉ አንድ ተክል ኖረዋል! እኔ ሁለት ይመስሉኝ ነበር። ከዚህ በኋላ እኔም በመስኮቱ አሻግሬ መፈለግ ጀመርኩ።

ከሰዓት፣ ቴፒ ሊደረስ ሲል

ከማል እማማ ባሳዩት ቡና አጠገብ መኪናውን ዳር አስያዘና «እኔም ሳላይ አልሄድም» ብሎ ወረደ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። የቡናው ጥላ ውስጥ እንደገባን እማማ ቀጥ አሉ። ቅጠል የሌለው፣ ኳስ የሚያህል ቀይ አበባ! ከጎኑ ሌላ። ከጅረቱ ማዶም ሌላ። ዓይናችን እስከሚደርስበት ቀይ በቀይ ነው። እማማ በሌሉባቸው ዓመታት ወፎች ፍሬውን እየለቀሙ በየሥፍራው ጥለውታል። የመቃብሩ የትኛው እንደሆነ በምን ይለያል?

እማማ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ደግመው ሄዱ።

ከማል ቆቡን አውልቆ በቀስታ ጠየቀ፦ «እማማ፣ መንጣሪዎቹ የቱን ይተዉ ልበላቸው?»

«ሁሉንም» አሉ። «በሕይወትም እያለ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንለትም ነበር።»

እያለቀሱ ሳቁ። ከማል ለመንጣሪዎቹ ሊነግር ወደ መንደሩ ሄደ።