ያልተረከብኩት መኪና

ሰፈራችን ውስጥ ከባድ መኪና መንዳት ያማረው ወጣት ሁሉ መጨረሻው እኔ ጋ ነው። አቃቂ ድልድዩ አጠገብ ካለው የመብራት ምሰሶ ላይ ማስታወቂያ አይጠፋም፤ የሹፌርነት ሥልጠና፣ ሙሉ ወጪ በድርጅቱ፣ ሲጨርሱ ሥራ ይጠብቅዎታል ይላል። ልጁ ማስታወቂያውን በስልኩ ያነሳና መጥቶ፣ «ብሮ፣ አንተ ገብተህበት አልነበር? ያዋጣል?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። ራሱን እየነቀነቀ ይሰማኛል፤ በሳምንቱ ሄዶ ይመዘገባል። አልፈርድበትም። እኔንም ያኔ መልአክ ከሰማይ ወርዶ ቢነግረኝ፣ «ነፃ ነው እኮ!» ብዬ እመልሰው ነበር።

የምነግራቸው ስለ ማርሽና ስለ ፍሬን አይደለም። እሱን እዚያው ያስተምሯቸዋል፣ ያውም አሳምረው። የምነግራቸው ስለ ዋስ ነው።

ድርጅቱ በራሱ ወጪ ሲያሠለጥንህ፣ መንጃ ፈቃድህን ይዘህ እንዳትጠፋበት ሁለት ዓመት ታገለግላለህ ብሎ ያስፈርምሃል። ያንተን ፊርማ ግን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ቋሚ ሥራ ያለው፣ መሥሪያ ቤቱ ደሞዙን ጽፎ ማህተም የሚመታለት ሰው አምጣ ይልሃል። እኛ ደግሞ ከወሎ የመጣን የንግድ ሰዎች ነን። ዘመዶቼ ወይ ጨርቅ ይሸጣሉ፣ ወይ በርበሬ ያስፈጫሉ፣ ወይ አይሱዙ ላይ ጭነት ያስጭናሉ። ሳሪስ ላይ ሁለት ሱቅ ያለው ዘመድ አለን፤ ማህተም ያረፈበት ደሞዝ ግን የለውም። እንዲህ ያለ ደሞዝ የነበራቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ናቸው።

ውሉን ይዤ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሄድኩ። አጎቴ መነጽራቸውን አጥልቀው ከቢስሚላህ ጀምረው እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። አንድ ቦታ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። የአገልግሎት ዘመኑ መቆጠር የሚጀምረው ሠልጣኙ ተሽከርካሪ ከተረከበበት ቀን ነው ይላል።

«ይሄ ነው ውል!» አሉ። «ሰው ባልተረከበው ዕቃ አይጠየቅም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስጮኽ የኖርኩት ለዚህ ነው።»

ለእሳቸው ርክክብ ማለት ሃይማኖት ቢጤ ነው። ግምጃ ቤቱን ሲይዙ ከእሳቸው በፊት የነበረው ሰው ያጎደለውን ንብረት ሊያሸክሟቸው ሞክረው ነበር፤ ያዳናቸው ዕቃውን አንድ በአንድ ሳያዩ አልፈርምም ማለታቸው ነው። ስለዚህ ያንን መስመር ሲያዩ ለእኔ የተሠራ ከለላ መሰላቸው። «አየህ፣ መኪናውን በእጅህ ሳታስገባ ቢጋጭም ቢጠፋም አንተን አይመለከትም» ብለው አስረዱኝ።

አንዲት ልጃቸው ያኔ አካውንቲንግ ትማር ነበር። ሻይ ልታቀርብልን መጥታ ከጀርባቸው ቆማ አነበበችው።

«አባዬ፣ መኪናውን ባይሰጡትስ?»

«ሹፌር አሠልጥኖ መኪና የሚከለክል ድርጅት አለ እንዴ! ምግብ አብስሎ በር እንደ መዝጋት እኮ ነው» አሏት። ሳቅን። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅኩ። በማግስቱ አጎቴ ከመሥሪያ ቤታቸው ደብዳቤውን አውጥተው፣ የበዓል ኮታቸውን ለብሰው ቃሊቲ ድረስ መጥተው ፈረሙልኝ።

ሥልጠናውን ወደድኩት። ይህንን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ቃሊቲ ካለው አቧራማ ግቢ ውስጥ ተሳቢ ይዞ ወደ ኋላ መሄድ የተማርኩ ቀን ልቤ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። መሪውን ወደ ቀኝ ስትጠመዝዘው ተሳቢው ወደ ግራ ይሄዳል፤ ጭንቅላትህ እምቢ ይላል፣ እጅህ ግን ቀስ እያለ ይገባዋል። አስተማሪያችን ከማመስገን መሳደብ የሚቀናቸው ሰው ነበሩ። ያን ቀን ግን ምንም ሳይሉኝ ወደሚቀጥለው ተማሪ አለፉ። ትልቅ ምስጋና ነበር።

ተመረቅን። መንጃ ፈቃዳችንን ድርጅቱ ለደኅንነቱ በሚል ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። መኪና ግን የለም። ግቢው ውስጥ የቆሙት ግማሾቹ ጎማ ይጠብቃሉ፤ ግማሾቹ መለዋወጫ ይጠብቃሉ፤ የሚንቀሳቀሱት በነባር ሹፌሮች ተይዘዋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ለጊዜው ነው ተብለን ረዳት ሆነን ተመደብን።

ለእኔ የደረሱኝ ሹፌር ደግ ሰው ነበሩ። ከሞጆ እስከ አዋሽ እሳቸው ይነዳሉ። ወደ አፋሩ ሜዳ ስንወርድ «በል እስቲ ያዛት» ይሉኝና ከወንበሩ ጀርባ ያለው አልጋ ላይ ጋደም ይላሉ። ኬላ ስንቀርብ እቀሰቅሳቸዋለሁ፤ ቦታ እንለዋወጣለን። ጂቡቲ ገብተን የምንወጣው እንዲህ ነበር። መንገዱን ከእነ ጉድጓዱ ለቀምኩት። የቱ ቁልቁለት ላይ በከባድ ማርሽ መውረድ እንዳለብኝ፣ የቱ ጋ ግመል እንደሚያቋርጥ እጄ ያውቃል። ስለዚህ ሁለቱ ዓመት እያለቀልኝ ነው ብዬ አስብ ነበር። ማንም ያስባል።

በዚህ መሀል የአጎቴ ልጅ ተመረቀች። ብዙ ወር ቤት ከተቀመጠች በኋላ አንድ ባንክ ተፈትና አለፈች። ያን ቀን ራሷ ደውላ ነገረችኝ። ሠፈሩ ሁሉ ዲግሪ ይዞ ፎቅ ላይ ተቀምጦ ታክሲ በሚቆጥርበት ዘመን ባንክ ማለፍ ማለት የሞተ መነሳት ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀራት። ገንዘብ የሚነካ ሠራተኛ ዋስ ያስፈልገዋል፤ የሳምንት ጊዜ ሰጧት።

አጎቴ ደስ ብሏቸው መሥሪያ ቤታቸው ሄደው ደብዳቤ ይጻፍልኝ አሉ። አንድ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ ነው ዋስ የሚሆነው አሏቸው፤ የቀድሞው ዋስትና መነሳቱን የሚገልጽ ወረቀት ያምጡ። አጎቴ አልተከራከሩም። ደንቡ ልክ ነው፤ እሳቸውም በቦታው ቢሆኑ ያንኑ ይሉ ነበር። ወደ እኔ ደወሉ።

«ያንተ አለቀ አይደል?»

«አልቋል ጋሼ፣ አያስቡ። ነገ ይዤልዎት እመጣለሁ።»

በማግስቱ የሰው ኃይል ኃላፊው ቢሮ እየፎከርኩ ገባሁ ማለት ይቻላል። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ትሑት ልጅ ነው። ፋይሌን ገለጠና «ወንድሜ፣ መቼ ተረከብክ?» አለኝ።

«ምኑን?»

«መኪናውን።»

«ሁለት ዓመት ጂቡቲ ስመላለስ በእግሬ መስሎህ ነው?»

አልሳቀም። ፋይሉን ወደ እኔ አዞረው። «የርክክብ ፎርም የለህም። ረዳት ነበርክ። ረዳትነትህ ደሞዝ ተከፍሎበታል፤ ውሉ ላይ ያለው ሁለት ዓመት ግን ገና አልጀመረም።»

ለመንኩት። ባንኩን፣ የልጅቷን ነገር፣ ሁሉንም ነገርኩት። ከልቡ አዘነልኝ፤ ማዘኑ ይበልጥ አናደደኝ። «ሌላ ዋስ ካመጣህ አጎትህን ዛሬውኑ እለቃቸዋለሁ» አለኝ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ የማላንኳኳው በር አልቀረም። አብሬያቸው የምሠራው ሹፌር «ልጄ፣ እኔ ራሴ ለወንድሜ ልጅ ታስሬያለሁ» አሉኝ። ገላን ኮንዶሚኒየም የሚኖር አስተማሪ ወዳጄ ለሚስቱ እህት ፈርሟል። የጎረቤታችን ልጅ ፋብሪካ ውስጥ ቋሚ ነው፤ እሱም ለጓደኛው። የሳሪሱ ባለሱቅ ዘመዳችን ደረቱን እየደቃ፣ «ብር በለኝ፣ አሁን ላውጣልህ! ማህተም ግን ከየት አባቴ ላምጣ?» አለኝ። የአቃቂ ግማሹ ሕዝብ ለሌላው ግማሽ ዋስ ሆኖ ነው የሚኖረው፤ ያልተያዘ ሰው ጠፋ። እናቴ በርበሬ መሸጫዋ ላይ ተቀምጣ «እኔ አልሆንም?» አለችኝ።

የአጎቴ ቤት ካርታ እንኳ መያዣ እንዳይሆን የኮንዶሚኒየሙ ዕዳ ገና አላለቀም። ሳምንቱ አለፈ። ባንኩ ተጠባባቂ የነበረችውን ልጅ ጠራ።

ቱሉ ዲምቱ ሄድኩ፤ አለመሄድ ይሻለኝ ነበር። አጎቴ አልተቆጡኝም። ተቆጥተውኝ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ። ውሉን ከመሳቢያ አውጥተው ያችን መስመር ደጋግመው ያነቧት ነበር። ልጅቷ «ተወው፣ ሌላ ይመጣል ኢንሻአላህ» አለችኝ። እሷ እያጽናናችኝ እኔ መሬት መሬት አየሁ። እስካሁን ሌላ አልመጣም። ቃሊቲ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ ታሽጋለች። በቀን የሚከፈልበት ሥራ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ዋስ የሚጠይቅ የለም።

ከዚያ ወዲህ ነው ድርጅቱ የጠራኝ። አንድ ነባር ሹፌር ለቅቆ መኪናው ለእኔ ደረሰ። አልረከብም ልል አሰብኩ፤ ግን እምቢ ካልኩ ቆጠራው መቼም አይጀምርም፣ አጎቴም መቼም አይፈቱም። ነገርኳቸው። «እኔ ሳላየው እንዳትፈርም» ብለው ከሥራ ፈቃድ ወስደው መጡ።

መኪናውን ሲያዩት ለአፍታ የድሮው ሰው ሆኑ። ጎማዎቹን አንድ በአንድ በመዳፋቸው ዳሰሱ። ክሪኩን አስወጥተው አስነሱ፣ መለዋወጫ ጎማውን አስወርደው አዩ፣ የተሰነጠቀውን የኋላ መብራት አስጻፉ። ንብረት አስረካቢው ተሰላችቶ ሲተነፍስ ዞር ብለውም አላዩት። በመጨረሻ እስክሪብቶውን ራሳቸው አቀበሉኝና «በል፣ አሁን ፈርም» አሉኝ። ፈረምኩ።

ያ ትሑት ኃላፊ እጄን ጨበጠና ሁለት ዓመቱ ከዛሬ ይጀምራል አለኝ። ቀጥሎ ፋይሉን እያየ ወደ አጎቴ ዞረ። «ይቅርታ አባት፣ ጡረታ የሚወጡት መቼ ነው?»

«በመጪው ዓመት ነው።»

«እንግዲያው ያኔ የእርስዎ ዋስትና ይቋረጣል። ለእሱ ሌላ ሰው መተካት ይኖርበታል። ከቤተሰብ ቋሚ ደሞዝ ያለው ሰው ካሁኑ ፈልጉ።»

አጎቴ መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። እስከ ግቢው በር ድረስ ሸኘኋቸው፤ መኪናዎቹ እስኪያልፉ ቆመን ጠበቅን።

«ባንክ ገብታ ቢሆን እኮ» አሉኝ፣ «እሷ ትሆንህ ነበር።»

ታክሲ አስቁሜላቸው ገቡ።