ግሩፓችንና የእኔ ሳል

የምኖረው አዳማ፣ ወደ አሰላ ከሚወስደው መንገድ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ጭቃ ቤት ውስጥ ተከራይቼ ነው። ሥራዬ ሰው መጠየቅ ነው። መልካሳ፣ ሁሩታ፣ አንዳንዴም ባቱ ድረስ እየሄድኩ የሳንባ ነቀርሳ የያዛቸውን ሰዎች መቼ አወቃችሁ፣ ለማን ነገራችሁ፣ ለምን ዘገያችሁ እላቸዋለሁ። ሐኪም አይደለሁም። የማጠናው በሽታውን ሳይሆን በሽታው በሰውና በሰው መካከል ገብቶ የሚሠራውን ነው። እንደኔ ይህንኑ የሚያጠኑ ሰዎች የምንወያይበት የቴሌግራም ግሩፕ አለን። አብዛኞቻችን በአካል አንተዋወቅም። ቢሆንም ለዓመታት ከቤተሰቤ ይልቅ ከነሱ ጋር አውርቻለሁ፤ ተጨቃጭቄያለሁ፣ ስቄያለሁ፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም አኩርፌ ወጥቼ ለምነው መልሰውኛል።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በድምፅ እንሰበሰባለን። ባለፈው በጋ የያዝነው ርዕስ "ሕሙማን ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ ለምን ይዘገያሉ?" የሚል ነበር። እኔም በዚያው ሰሞን መሳል ጀመርኩ። የአዳማ አቧራ ነው አልኩ። ያ ነፋስ ሲነሳ መስኮት አያስከፍትም፤ ማን የማይስል አለ? እነሱ ስለ ድህነት፣ ስለ መገለል፣ ስለ መንገድ ርቀት ይናገራሉ፣ እኔ እስላለሁ። አስተባባሪያችን በትሕትና፣ "የምትስሉ ሰዎች እባካችሁ ማይካችሁን ዝጉ፣ ቀረጻው እየተበላሸ ነው" አለ። ዘጋሁ። አንዷ ደግሞ "ማርና ዝንጅብል ሞክሪ" ብላ ከምትስቅ ፊት ኢሞጂ ጋር ጻፈችልኝ። ያ ሁሉ የቲቢ አዋቂ ተሰብስቦ አንድ ሳል መለየት አቃተው። ከሁሉም የባስኩት እኔው ነኝ፤ ሳሉ ያለው እኔ ደረት ውስጥ ነበር።

ሳሉን የሰሙት አከራዬ ናቸው። በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ክፍላቸውን ከክፍሌ የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። አንድ ቀን ጠዋት በሬን አንኳኩ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ሆነሻል? ይሄ ሳል እኮ ወር አለፈው።"

"ጉንፋን ነው እማማ፣ ደህና ነኝ።"

"አንቺ ደህና ብትሆኚ እኔ እንቅልፍ ባገኘሁ ነበር። ተነሺ ልበሺ!"

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ይዘውኝ ሄዱ። አክታ ሰጠሁ። ነርሷ ቲቢ መሆኑን ስትነግረኝ አጠገቤ ነበሩ፤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ ብርጭቆዬን ለዩ። ሾርባ ሠርተው ደጃፌ ላይ ያስቀምጡና ራቅ ብለው ይቆማሉ። "እፈራለሁ፣ አልዋሽሽም። ብዪ ግን፤ እዚህ ሆኜ ልይሽ" አሉኝ። ብርጭቆው አስከፋኝ። ሾርባውን ግን ጠጣሁት።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ሁሩታ ቁጭ ብላ ስታለቅስ እየታየኝ ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። መሥሪያ ቤትም አልተነፈስኩም። ሌሎች ሰዎች ለምን ደበቁ ብዬ ስጽፍ የኖርኩ ሴት ሻንጣዬ ውስጥ መድኃኒት ደበቅሁ። ግን አንድ ሰው እንዲያውቅልኝ ፈልጌ ነበር፣ በጣም ፈልጌ ነበር። የማያፍሩብኝና የማይፈሩኝ ሰዎች ቢኖሩ የግሩፑ ሰዎች ናቸው ብዬ አሰብኩ። ስለ መገለል መጽሔት ላይ የጻፉ፣ ሕመምተኛው መጀመሪያ ሰው ነው እያሉ የሚከራከሩ ናቸው። እዚያም ካልሆነልኝ ሌላ ቦታ እንደማይሆንልኝ አውቅ ነበር። መድኃኒቱ ሆዴን ገልብጦ ባስተኛኝ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ "ቲቢ ይዞኛል። መድኃኒት ጀምሬያለሁ። ፈርቻለሁ" ብዬ ላክሁ።

እንዳነበቡት አይቻለሁ። ቆይቶ የተጋጠሙ እጆች መጡ፣ አንድ ሁለት ልብም መጣ። ከዚያ አንዱ አዲስ የወጣ ጽሑፍ ለጠፈና ወሬው ወደዚያ ዞረ። አልሸሹኝም፣ ከግሩፑ ልቀቂ ያለኝም የለም። "እንዴት ነሽ?" ያለኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ እስኪመሽ ጠበቅሁ።

በማግሥቱ ለብቻዬ መልእክት ደረሰኝ። ከግሩፑ ሁሉ አብዝተን የምንቀላለድ፣ አብዝተንም የምንከራከር ወዳጄ ነው። ደስ ብሎኝ ከፈትኩት።

"አይዞሽ እሺ። ለያዝኩት ጥናት ቃለ መጠይቅ ትሰጪኛለሽ? ስምሽ አይጠቀስም።"

እንዴት እንደተናደድኩ! የስድብ መልስ ጽፌ አጠፋሁት፣ ደግሜ ጽፌ ደግሜ አጠፋሁት። መጨረሻ ላይ እሺ አልኩ። እውነቱን ልናገር፣ የሚያናግረኝ ሰው ስላጣሁ ነው።

ደወለ። ማንበብ ሲጀምር ጥያቄዎቹን አወቅኋቸው። እኔው አዘጋጅቼ፣ ሁላችንም እንጠቀምባቸው ብዬ ግሩፑ ላይ ያስቀመጥኳቸው ናቸው። ሳሉ መቼ እንደጀመረኝ፣ መጀመሪያ ምን እንደመሰለኝ ጠየቀኝ። በየመሃሉ እየሳልኩ መለስኩለት። ማይክ ዝጊ አላለኝም፤ ሳሌን እስክጨርስ ይጠብቃል። እንዲህ ከሰው ጋር ካወራሁ ስንት ጊዜዬ ነው እያልኩ ነበር።

"ሕመምሽን ራስሽ መጀመሪያ የነገርሽው ለማን ነው?"

"ለናንተ" አልኩት። "ለግሩፑ።"

ከዚህ በታች ያለውን ጥያቄ ሁለታችንም እናውቀዋለን፦ የነገርሻቸው ሰዎች ምን አሉሽ? ይላል። ወረቀቱን ሲነካካ ይሰማኛል።

"ይሄኛውን ልዝለለው?" አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

"ዝለለው።"

ቀጥሎ ያለው ከቤት እስከ ጤና ጣቢያ ስላለው መንገድ ነበር። እሱን መለስኩለት።