በበጉ ላይ ያልተቆጠረው መልክያ

ጎረቤታችን መልክያ ለመቅደሱ ርግብ ሻጮች ቅርጫት ይሠራ ነበር። ሚስቱ ልጅ ሳትወልድለት ሞታ፣ ከእኛ ቤት በቀር የሚያዋራው ሰው አልነበረውም። ደግሞ ጨዋታ አይችልም። አንድ ነገር ሲያወሩለት "እንዲህ ነው ወይስ እንዲያ?" እያለ ያደርቃል። ቢሆንም የፋሲካን በግ ብቻውን የሚበላ የለምና በየዓመቱ ከእኛ ጋር ይቆጠራል። በጉ ሳይታረድ ከሚበሉት ጋር ያልተቆጠረ አይቀምስም።

ያን ዓመት በዋዜማው፣ ገና ሳይነጋ፣ ባሌን ያሚንንና መልክያን በገሊላው መምህር ላይ እንዲመሰክሩ ወደ ሊቀ ካህናቱ ግቢ ጠሯቸው። መምህሩ በመቅደሱ የሻጮቹን ገበታ የገለበጠ ቀን ሁለቱም እዚያው ነበሩ። ያሚን "'ቤተ መቅደሱን አፈርሰዋለሁ' ሲል ሰምቻለሁ" አለ። መልክያ ተራው ሲደርስ "የለም፣ 'አፍርሱት' ነው ያለው" አለ። የሁለት ምስክር ቃል ካልገጠመ ውድቅ ነው፤ ባሌን በሽማግሌዎቹ ፊት አዋርደው አስወጡት። መምህሩን ግን በሌላ ነገር ፈረዱበት።

ያሚን ፊቱ ጠቁሮ ገባ። "ያ ሰውዬ ከእንግዲህ በበጌ ላይ አይቆጠርም" አለኝ።

እኩለ ቀን ላይ መልክያ ንጹሕ ልብሱን ለብሶ መጣ።

"እህቴ፣ ቆጠራችሁኝ?"

"ጋሽ መልክያ፣ አንዲት ቃል ናት እኮ። ዋጥ ብታደርጋት ምን ነበረበት?"

"የሰው ነፍስ ነዋ።"

"እና ዳነ?"

"አልዳነም። ሊሰቅሉት ወስደውታል። የሆነውን ልነግራቸው የእሱ ሰዎች ጋም ሄጄ ነበር። 'ልትመሰክርበት የሄድክ አይደለህ?' ብለው በር ዘጉብኝ። ገበታው የተገለበጠ ቀን ያሚን ምን ብሎ ነገረሽ? አንቺ ብትነግሪው ይሰማሻል።"

አውቃለሁ፣ እንዴት አላውቅም! ያን ቀን ማታ ያሚን እግሩን እየታጠበ "'አፍርሱት' አይለን መሰለሽ!" ብሎ በሳቅ ሲፈርስ አብሬው ስቄያለሁ።

"አላስታውስም" አልኩት።

"እሺ እህቴ" ብሎ ወጣ። ከኋላው በሩን ዘጋሁ።

በጉ ተረፈን። ያደረው አይበላም፣ በሰንበትም እሳት አይነድምና ሰንበት ሲያልፍ በጠዋት ጓሮ አውጥቼ አቃጠልኩት። አንድ ሰው አጥግቦ ያሳድር ነበር። ጢሱ በግንቡ ላይ አልፎ ወደ መልክያ ግቢ ሲገባ፣ ወዲያ ማዶ ሲያስል ሰማሁት።

"እህቴ፣ አንቺ ነሽ?" አለኝ። "እንኳን አደረሳችሁ።"

አፍሬ ዝም አልኩ፤ ሰው የሌለ መስሎት መልሶ ገባ።