ቤቷን የቀየርኩባት አይጥ

ሾፌራችንን «አፍንጫ» እንለው ነበር። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ፣ ዕድሜውን መኪና ሥር ተጋድሞ የፈጀ፣ የሦስት ሴት ልጆች አባት። ወደ ባሕሩ ዳር በረሃ የወረድነው ትናንሽ እንስሳትን ልናጠና ነው፤ እሱ ሊነዳ፣ እኔ ልመራመር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አርባ የቆርቆሮ ወጥመድ የኦቾሎኒ ቅቤ እየቀባሁ አሸዋው ላይ እደረድራለሁ። እሱ የተረፉትን አሥሩን ይዞ ወደ ቁጥቋጦው ይሄዳል። ጠዋት የእኔ አርባ ባዶ፣ የእሱ አሥር ሙሉ።

«አንተ፣ ምን ብታደርግበት ነው?» አልኩት በአራተኛው ቀን።

«እርስዎ ወጥመዶቹን በየቀኑ በሳሙና ያጥቧቸዋል፣ ዶክተር። አይጥ ሆስፒታል መተኛት ትወዳለች እንዴ? የእኔዎቹ የዘመዶቿ ጠረን አላቸው፤ አሽትታ ትገባለች።»

«ዶክትሬቱን ወደሱ እናዛውረው» አለ አብሮን የወረደው የጥናቱ አለቃ። ጥርስ ባዳ ነው፤ እኔም ሣቅሁ። ከበላዬ ባለ ሰው ቀንቼ አላውቅም። አንጀቴን ያሳረረው ከበታቼ ነው ያልኩት ሰው ነው።

በሰባተኛው ጠዋት አፍንጫ አንዱን ወጥመድ ከፍቶ አሳየኝ። ጅራቷ ጫፍ ላይ ነጭ ጸጉር ያላት አይጥ፤ በዚያ ዳርቻ ማንም መዝግቧት አያውቅም። እሱ ራዲያተሩን ውሃ ሊሞላ ዞር ሲል መለያ ወረቀቱን አየሁ፤ «ቁጥቋጦ፣ የሾፌሩ መስመር» ይላል። ቀድጄ «አሸዋ፣ የእኔ መስመር» ብዬ በሌላ ጻፍኩ።

ከሰዓት በኋላ ሣጥኖቹን ሲጭን አዲሱን ወረቀት ቀስ እያለ አነበበው።

«ስሙን ይውሰዱት፣ ስም ለእኔ ምን ይሠራልኛል» አለ። «ቤቷን ግን አይቀይሩባት።»

«አስተካክለዋለሁ» አልኩት። አላስተካከልኩም። አለመቅናቱ ራሱ አስቀናኝ።

ሃያ ዓመት ተማሪዎቼ አሸዋው ላይ አጠመዱ፤ አንዲትም አላገኙም። ሳሙናውን ትተን እንኳ አልመጣችም። አሁን አንድ ድርጅት ቁጥቋጦውን መንጥሮ ጨው ሊያመርትበት ነው። «በመዝገብዎ መሠረት እዚያ የሚጎዳ ብርቅ እንስሳ የለም» የሚል ወረቀት እንድፈርም ላኩልኝ።

አልፈረምኩም። የማረሚያ ቅጽ አስመጥቼ «ቁጥቋጦ» ብዬ ሞላሁ። ቀጥሎ «ያጠመደው ሰው ሙሉ ስም» ይላል። ብዕሬ ቆመ። ሁለት ወር አብሬው በልቼ፣ አብሬው ተኝቼ፣ ስሙን ጠይቄው አላውቅም።

እሱ ካረፈ ቆይቷል። ትልቋ ልጁ ጋራዥ እንዳላት ሰምቻለሁ። ቅጹን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ከዘራዬን አነሳሁ።